ግሡን አትዋጡት፦ የሙዚቃዊ ቲያትር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ልጆቹን «ምን ልትማሩ መጣችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ «ጮክ ብሎ መዝፈን» አሉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ወለል ወለሉን እያየች «ቲቸር፣ እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ስንሠራ የከረምነው እሷ ባለችው ነገር ላይ ነው።

ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ የሚዘፍን ሰው ቆሞ አይዘፍንም። ይራመዳል፣ ይጨፍራል፣ ይጣላል፣ ያለቅሳል። ታሪኩም የሚሄደው በግጥሙ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ታዲያ መጀመሪያ የሚውጠው የስንኙን መጨረሻ ነው። በአማርኛ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ግሡ ነው! ልጅቷ «እናቴን ትቼ» ብላ ትንፋሽ ካለቀባት፣ ሄደች ይሁን ተመለሰች ማንም አያውቅም። ስለዚህ «ግሡን አትዋጡት» የክበቡ መፈክር ሆነ። ማጥበቅና ማላላትም እንደዚያው ነው። አንድ ልጅ «ይመታል» የሚለውን «መ»ን ሳያጠብቅ ዘፈነውና ተደብዳቢው ገጸ ባሕርይ ደብዳቢ ሆኖ አረፈው። ዜማው ቸኩሎበት ነው። እዚያች ፊደል ላይ ትንሽ እንዲቆይ አደረግነውና ተስተካከለ።

ትንፋሹን የጀመርነው ወለል ላይ ነው። በጀርባቸው ተኝተው ሆዳቸው ላይ ደብተር አስቀመጡ። አየር ሲያስገቡ ደብተሩ ከፍ ይላል፣ ትከሻ አይንቀሳቀስም። ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ታች ሲወርድ ሆድ ቦታ ይለቃል፤ ደብተሩን የሚያነሳውም እሱ ነው። ቀጥሎ «ስስስ» እያሉ አየሩን ቀስ ብሎ ማውጣት። ቀጥሎ ይህንኑ እየተራመዱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ያለዚህ የሚሆን ነገር የለም።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ሌሎች ክበቦችም እንዲያውቁት እጽፈዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየልምምዱ በሙሉ ድምፅ አስዘፈንኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ጥቂት ልጆች ድምፃቸው ተዘጋ። የድምፅ አውታሮች ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው። 440 ኸርዝ የሆነችውን ኖታ ስንዘፍን በሰከንድ 440 ጊዜ ይገጥማሉ፣ ይላቀቃሉ። ይህን ያህል የሚሠራ አካል ሳይሟሟቅ መጮህ የለበትም። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የምንጀምረው በስትሮ ነው። የስትሮውን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክረው ዜማ ያንጎራጉራሉ፣ ውኃው ይንፎለፎላል። ስትሮው መልሶ የሚገፋው አየር አውታሮቹ በኃይል ሳይጋጩ በቀላሉ እንዲርገበገቡ ያግዛል። ጭፈራ ስናጠና በግማሽ ድምፅ ነው። ድምፁ የተዘጋ ልጅ ያርፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ በሹክሹክታም አያወራም፤ ሹክሹክታም ጉሮሮን ያደክማልና።

ድምፁ እየጎረነነ ያለ አንድ ልጅም ነበረን። መሪ ገጸ ባሕርዩን ይዞ ልምምድ መሀል ላይ ድምፁ ይሰበራል፣ ጓደኞቹ ይስቃሉ። በጉርምስና የወንዶች ማንቁርት ያድጋል፣ አውታሮቹም ይረዝማሉ፤ ድምፅ ወደ አንድ ኦክቴቭ (ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ») ገደማ ይወርዳል። ይህን ለሁሉም አስረዳሁ፣ ሳቁም ቆመ። ሚናውን አልቀማነውም። ዜማውን ዝቅ አደረግንለት፣ ከፍ የሚሉትን ሁለት ስንኞች ደግሞ በንግግር እንዲላቸው ተስማማን። ከዘፈኑ ሁሉ ሰው ልብ ውስጥ የገቡት እነዚያ ሁለቱ ይመስሉኛል።

ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። «አይዞሽ፣ አትፍሪ» ማለት ትተናል። የፈራ ሰው ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፣ ትንፋሹም ወደ ደረቱ ይወጣል። «አትፍሪ» ስላልናት ይህ አይቆምም። የሐርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ፈርቻለሁ» ካሉት የተሻለ ዘፍነዋል። እኛም ቃሉን ቀየርን። ዘወትር ዓርብ አንድ ልጅ መጀመሪያ ለአንድ ጓደኛው፣ ከዚያ ለአምስት፣ ከዚያ ለሌላ ክፍል ይዘፍናል። ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ለማን ነው የምትዘፍነው? ከእሱስ ምን ትፈልጋለህ? መልሱን የያዘ ልጅ ስለ ራሱ የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

የዓመቱ መጨረሻ ትርኢት ላይ ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ብቻዋን የምትዘፍነው ስንኝ ጠፋባት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አየር ስትስብ አየኋት። ፒያኒስቱ ልጅ መግቢያውን ደገመላት። ገባች። የመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡ ወላጆች ግሡን ሰምተዋል፤ ወጥተው ነገሩኝ።

ለሚቀጥለው ዓመት ድምፃቸው እየተለወጠ ላሉ ወንዶች የብቻ ልምምድ ሰዓት እንዲመደብልን ጠይቀናል። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ ዘፈን መቻል አይጠበቅበትም። ስትሮና የውኃ ኮዳ ይዞ ይምጣ።