ስለ ስድስት ኪሎው ሙዚየም ጉብኝታችን

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ቅዳሜ ዕለት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የጎበኛችሁ የላካችሁልንን አስተያየት አንብበናል። አብዛኛው ስለ ላይኛው ፎቅ ሥዕሎች ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ከአስጎብኚው ከሰማን ወዲህ በየሥዕሉ ፊት ቆመን ዓይን ስንቆጥር ነበር። አንዲት እናታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሳለሙት የኖሩትን ሥዕል አሁን ገና እንዳዩት ነግረውናል። እኛም እንደዚያው ነው የተሰማን።

የንጉሡ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ፣ መኝታ ቤት ጋ የሆነው ግን የእኛ የአስተባባሪዎቹ ጥፋት ነው። 25 ሰው በአንድ አስጎብኚ ዙሪያ ተደራርበን፣ ከኋላ የነበራችሁት የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር (የከሸፈውን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ) ታሪክ፣ የታገቱት ባለሥልጣናትም በዚያው ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን እንዴት እንደተገደሉ ሳትሰሙ አለፋችሁ። ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በሚቀጥለው ወር ከ12 ሰው ባልበለጠ ቡድን እንመለሳለን። ደረጃ የሚከብዳቸው ታላላቆቻችን በመጀመሪያው ቡድን ይግቡ፤ ሳይጣደፉ ይወጣሉ። ውጭ ያለውን ጣሊያን የሠራውን ጠመዝማዛ ደረጃም ዘንድሮ አናልፈውም፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበት ነው።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ስማችሁን ላኩልን።

አስተባባሪዎቹ