ስለ ቆሰለው አጋዘን ጠይቀውኝ ነበር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቁ ልጅ በቁመት ሊደርስብኝ ነው፤ ጫማ ገዝቼለት ሦስት ወር አይቆይም። ትንሿ ፊደል ጀምራለች፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር «አያቴ ነው?» ትላለች።

ባለፈው ስልኩ ሳይቋረጥብን «እዚያ አገር ያቆሰሉትን አውሬ ተከታትለው ያገኙታል ወይስ ጥለውት ይገባሉ?» ብለውኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ጨዋታ ስላልሆነ ጻፍሁት። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ የምታነብልዎ እታለም ናትና ቀስ ብላ ታንብበው።

እዚህ ዊስኮንሲን አጋዘን በጠመንጃ የሚታደንበት ዋናው ወቅት በዓመት 9 ቀን ነው፤ በኅዳር አጋማሽ ገደማ ቅዳሜ ይጀምራል። ፈቃድ ተገዝቶ፣ ከሩቅ የሚያበራ ብርቱካንማ ልብስ ተለብሶ ነው። አጋዘኑ ከቆላው ድኩላ ይከብዳል። ቀንዱ እንደ ድኩላ የተጠማዘዘ አይደለም፤ ቅርንጫፍ አለው፣ በየዓመቱም ወድቆ እንደገና ይበቅላል። ሲደነግጥ ጅራቱን ያነሣና ከሥሩ ያለው ነጭ ከሩቅ ይታያል። የቁስለኛው ጠባይ ግን እርስዎ የሚያውቁት ነው።

ጥይቱ እንደወጣ ሰው ከቦታው አይነቃነቅም። ሌላ ጥይት ያጎርሳል፣ ያያል፣ ያዳምጣል። ልቡን ወይም ሳንባውን የተመታ ዘልሎ ወይም ዝቅ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል፤ ብዙ ጊዜ 150 ሜትር ሳይሞላ ይወድቃል። ጀርባውን አጉብጦ ቀስ እያለ ከሄደ የተመታው ጨጓራው ወይም አንጀቱ ነው። አውሬው የቆመበትና መጨረሻ የታየበት ቦታ በዛፍ ወይም በድንጋይ ምልክት ይያዛል። እዚህ አዳኝ የሚቀመጠው ዛፍ ላይ ስለሆነ ሲወርድ አገሩ ሌላ ይመስለዋል፤ ምልክት ያልያዘ ሰው ግማሽ ቀን ሲባዝን ይውላል።

ከዚያ ደሙ ይታያል። ደማቅ ሆኖ ጥቃቅን አረፋ ያለበት የሳንባ ነው። ጠቆር ብሎ አረፋ የሌለው የጉበት ነው። ቀጥኖ፣ ፈርስ ተቀላቅሎበት የሚሸተው የጨጓራ ነው። ሰውን የሚያታልለው ደማቅ ሆኖ መጀመሪያ በብዛት የሚፈሰውና ከዚያ እየሳሳ የሚጠፋው ነው፤ ያ ብዙ ጊዜ የሥጋ ቁስል ነውና አውሬው ሊድን ይችላል። ፀጉሩንም ማየት ነው፤ ነጭ ፀጉር ከወደቀ ጥይቱ ዝቅ ብሎ በሆዱ በኩል አልፏል።

የሚቆዩት በዚሁ ልክ ነው። ለሳንባ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ለጉበት ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ለጨጓራ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፤ ከመሸ እስኪነጋ። ጨጓራውን የተመታ ካልነኩት ሩቅ ሳይሄድ ጥሻ ውስጥ ይተኛል፣ ብዙ ጊዜም ወደ ውሃ ያደላል። ቶሎ ከተከተሉት ግን ይነሣል። ፈርሱና ስቡ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ደም መጣል ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ የሚከተሉት ነገር የለም። ቁስለኛ የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ችኮላ ነው። እርግጥ እዚህ የኅዳር ሌሊት ውርጭ ስለሆነ ሥጋው አድሮም አይበላሽም። በዓባይ በረሃ ሙቀት 12 ሰዓት መቆየት ለጅብ መተው ነው። እርስዎ ለምን እንደዚያ ይፈጥኑ እንደነበር የገባኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

የሚከተሉት ሁለት ሆነው ነው። አንዱ መጨረሻ ደም የታየበት ላይ ይቆማል፣ ሌላው በዱካው ጎን እየሄደ ቀጣዩን ይፈልጋል። ባገኙ ቁጥር ቁራጭ የመጸዳጃ ወረቀት ይሰቅላሉ፤ ዞረው ሲያዩት አውሬው ያመራበትን አቅጣጫ ያሳያል። መሬት መሬቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ሣርና ቅርንጫፍ ላይ የተለቀለቀው የቁስሉን ከፍታ ይነግራል። በዚህ ወራት ቅጠሉ ሁሉ ቀይ ነጠብጣብ ስለሚያወጣ ያሳስታል። ለዚህ ፋርማሲ የሚሸጠውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይረጩበታል፤ ደም ከሆነ አረፋ ይደፍቃል፣ ቅጠል ከሆነ ዝም ነው። ደሙ ከጠፋ ወደ መጨረሻው ነጥብ ተመልሰው ክቡን እያሰፉ ይዞራሉ። ያም ካልሆነ በማሰሪያ የተያዘ ውሻ ይጠራል፤ ውሻው ደሙን ብቻ ሳይሆን በአጋዘኑ ሰኮና መካከል ካለው ዕጢ የሚወጣውን ጠረን ይከተላል። አጋዘኑ የሰው አጥር ከተሻገረ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይገባም። ሲደርሱበትም መሞቱን ለማረጋገጥ ከኋላው ቀርበው ዓይኑን በረጅም እንጨት ይነኩታል። ያገኘ ሰው በማግሥቱ እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ማስመዝገብ አለበት። እንግዲህ ጥለው አይገቡም። ሥጋው እኛ ቤት ጾመ ነቢያት ስለሚደርስበት ማቀዝቀዣ ገብቶ ገናን ይጠብቃል።

አባዬ፣ በዱካው ጎን መሄድን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን «ደሙን ረገጠው፣ ይህ ልጅ ዓይን የለውም፣ ከፍየሎቹ ጋር ይዋል» ያሉኝንም አልረሳሁትም። ዱላው ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ግን ወንድሜን እንጂ እኔን አስከትለው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር የማያችሁ። ያን ጊዜም ዓይን ነበረኝ።

አሁንም አለኝ፤ ስለዚህ የምጠይቅዎትን ይመልሱልኝ። ከመቀመጫ ሲነሡ ግድግዳ እንደሚይዙ፣ ፊትዎም እንደገረጣ እታለም ነግራኛለች። ሌላውንም ነግራኛለች፤ አይቆጧት፣ ጨቅጭቄ ያወጣሁባት እኔ ነኝ። ሲጸዳዱ የሚወጣው ቀለሙ ምንድን ነው? ደማቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከታች ነው። እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ደሙ ከላይ ነው፣ ከጨጓራ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ለጉልበትዎ የላክሁልዎ 500 ፍሬ ያለው አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያቆስላል፤ በእርስዎ ዕድሜ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው በባዶ ሆድ ሲውጡት ደግሞ ይብሳል። ይህን ሳልነግርዎ የላክሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፍሬ እንዳይውጡ። ለጉልበቱ ሐኪሙ ሌላ ይስጥዎ።

ለዚህ ቁስል መቆያ ሰዓት የለውም። ከደጀን ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ በጠዋቱ መኪና ውጡ። የእታለም ልጅ ይከተልዎ፣ ብቻዎን እንዳይሄዱ። ገንዘቡ በእሷ ስም ባንክ ገብቷል። የኪኒኑን ዕቃ እንዳለ ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩት፤ በቀን ስንት እንደሚውጡም ሳይቀንሱ ይንገሩት። እስከዚያው ቢያዞርዎና ቢወድቁ፣ ወይም ደም ቢያስመልስዎ፣ ቀኑን አትጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱዎ።

ቀለሙን ለእኔ ለመናገር ካፈሩ ለእታለም ይንገሯት። እሷ ትደውልልኛለች፤ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

ልጅዎ