ለሐረጎ ዳገት 53 ጥርስ ምን ያደርጋል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኮምቦልቻ ውስጥ ሳይክል እጠግናለሁ። ከዚህም ከደሴም የሚመጡ ወጣቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያመጡልኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ እናንተ ብታወጡልኝ ለብዙ ሰው ይደርሳል ብዬ ነው የምጽፈው።

ያገለገለ ሳይክሎክሮስ የሚገዙ ልጆች አሉ። ጥሩ ሳይክል ነው። ጎማው ሰፋ ስለሚል የተቆፋፈረ አስፋልትም ኮብልስቶንም ይችላል። የተሠራው ግን ለጭቃና ለሣር ውድድር ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ፣ ፔዳሉ የሚያዞራቸው ባለ 46 እና ባለ 36 ጥርስ ሁለት ክቦች ይገጠሙለታል። ልጆቹ ታዲያ የጎዳና ውድድር ሳይክል 53 እና 39 እንዳለው ሰምተው "አስፋልት ላይ ስለምነዳው ትልቁን 53 አድርግልኝ" ይሉኛል።

እኔ አልቀይርም እላለሁ። ምክንያቱ መንገዳችን ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። በመሃላቸው ያለው መንገድ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ አለ ማለት ነው። ያውም ሐረጎ ላይ ጥምዝምዙ ሲጀምር እፎይ የሚባልበት ቦታ የለም። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል።

ትልቅ ጥርስ ቁልቁል ላይ ይጠቅማል፤ እውነት ነው። ግን ስንት? 46ቱ ከኋላ 11 ጋር፣ ፔዳሉ በደቂቃ 90 ጊዜ ሲዞር፣ በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። 53 ብታደርጉት 54 ገደማ ይሆናል። ሐረጎን ስትወርዱ ከኩርባው ጀርባ ሲኖትራክ ብቅ ይላል፣ ፍየል መንገድ ያቋርጣል። እጃችሁ ፍሬን ላይ ነው። ያቺን 7 ኪሎ ሜትር የት ትጠቀሙባታላችሁ?

ሽቅቡ ላይ ግን እያንዳንዷ ጥርስ ጉልበት ላይ ትታወቃለች። ፊት 36 ኋላ 28 ሲሆን አንድ የፔዳል ዙር 2.7 ሜትር ያህል ይወስዳል። ፊቱን 34፣ ኋላውን 32 ስናደርገው ወደ 2.2 ሜትር ይወርዳል። እግር ቀለል ብሎት ይዞራል። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖር፣ እዚህ ፋብሪካ የሚሠራ ደንበኛዬ ጉልበቱን እያመመው ሳይክሉን ሊሸጠው ነበር። እንዲህ አድርገን ገጠምንለት። አሁን ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ደሴ የሚገባው በሳይክሉ ነው፤ ደስ ይለኛል ሳየው።

ስለዚህ 46ቱን ተዉት፣ 36ቱን ወደ 34 አውርዱት። ትልቁ ስላልተነካ የፊቱን ካምቢዮ (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረውን) ከፍ ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም። ሐረጎን ሳይወጣ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ብቻ የሚነዳ ሰው 50 እና 34 ቢል አልከራከረውም፤ ብቻ 50ው የሳይክሉን አካል እንዳይነካ አስቀድሞ ይለካ።

ከመግዛታችሁ በፊት ብሎኖቹን ለኩ። ባለ አምስት ብሎን ከሆነ፣ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን ከመሃል እስከ መሃል ለኩ። 64.7 ሚሊ ሜትር ከመጣ የ110 ነው፣ ማለትም ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ 34 ይገባለታል። 76.4 ከመጣ የ130 ነው፤ ከ38 በታች አይገባም። ኋላ 32 ስትገጥሙ ደግሞ የኋላው ካምቢዮ እጀ ረጅም መሆን አለበት። ካቴናውም እንዳያጥር እዩ። ካጠረ ትልቁን ከትልቁ ጋር ስታገጣጥሙ ተወጥሮ ካምቢዮውን ይገነጥለዋል። ያለቀ ካቴና አዲስ ጥርስ ላይ አትግጠሙ፤ ይዘላል፣ አዲሱንም ይበላዋል።

አንድ ልመና አለኝ፣ ለዕቃ አስመጪዎች። 53 እና 50 ስንጠይቅ ይገኛል። 34 ስንጠይቅ "የለም" ነው መልሱ። ወሎ ላይ የሚፈለገው 34ቱ ነው፤ ባለ 110ሩን አምጡልን።

ሳይክል ጠጋኝ፣ ከኮምቦልቻ