ይድረስ ለእማዬ፤ ስለ ሕክምና ትምህርቱ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው እሑድ «በ34 ዓመት የሒሳብ ሥራን ትቶ ሐኪም ለመሆን መነሣት እንዴት ይሆናል? ስንት ዓመትስ ይፈጃል?» ብለሽ የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ አቃተኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ነገሩም ረጅም ነው። ስለዚህ ከነቁጥሩ ጻፍኩልሽ፤ ዕድሜሽን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርሽ ሰው ነሽና ቁጥር አይሰለችሽም። መጨረሻ ላይ ካንቺ የምፈልጋቸው ወረቀቶችም አሉ።

እዚህ አገር ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ሕክምና አይገባም። መጀመሪያ ዲግሪ፣ ቀጥሎ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሬዚደንሲ የሚሉት፣ ደመወዝ እየተከፈለ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠለጠንበት ጊዜ ይመጣል። ሬዚደንሲው ለቤተሰብ ሕክምና፣ ለውስጥ ደዌና ለሕፃናት 3 ዓመት፣ ለጠቅላላ ቀዶ ሕክምና 5፣ ለአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሕክምና 7 ዓመት ነው። ዕቅዴ እንዲህ ነው፦ ጥር 2018 ትምህርት መጀመር፣ ግንቦት 2021 ማመልከት፣ ነሐሴ 2022 መግባት፣ ግንቦት 2026 መመረቅ፣ ሬዚደንሲውን ሰኔ 2029 መጨረስ። ያኔ 45 ዓመት ሞልቶኛል። የሚገቡት ተማሪዎች ዕድሜ በአማካይ 24 ገደማ ቢሆንም የዕድሜ ጣሪያ የለም፤ በየዓመቱ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ያሉ ሰዎች ይገባሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ጥድፊያ ነው። «ጊዜ አልፎብኛል» የሚል ሰው ሥራውን ሳይቀንስ ከባድ ኮርሶችን ይደራርባል፣ ሳይዘጋጅ ይፈተናል፣ ማመልከቻውን አጓድሎ ይልካል፤ እያንዳንዱም መዝገብ ላይ ይቀራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትይ የለ፤ እዚህ የፈሰሰው ተለቅሞ አያልቅም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የሒሳብ አያያዝ ዲግሪዬ ሳይንስ የለበትም። የሚጎድለኝ ባዮሎጂ፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሴሚስተር፣ ከነቤተ ሙከራው (ላቡ) በሴሚስተር 4 ክሬዲት። በዚህ ላይ ባዮኬሚስትሪ፣ ስታትስቲክስና ሳይኮሎጂ በ3 በ3 ክሬዲት ይጨመራሉ። ድምሩ 41 ነው። ሲያዩት በአንድ ዓመት ተኩል የሚያልቅ ይመስላል። ኬሚስትሪው ግን ሰንሰለት ነው፦ አጠቃላይ አንድን ሳያልፉ ሁለት አይወሰድም፣ ሁለትን ሳያልፉ ኦርጋኒክ አይጀመርም፣ ባዮኬሚስትሪም ከኦርጋኒክ በኋላ ይመጣል። አምስት ደረጃ ነው፣ አንዱንም መዝለል አይቻልም። በክረምት ወራት አንዱን ማሳጠር ይቻላል፤ ሆኖም የ15 ሳምንቱ ትምህርት በ6 ወይም በ8 ሳምንት ስለሚታጨቅ፣ ለሚሠራ ሰው አጠቃላይ ኬሚስትሪ ሁለት ይቻል ይሆናል እንጂ ኦርጋኒክን በክረምት መሞከር በገዛ እጅ መውደቅ ነው። ሌላው እንቅፋት ላቡ ነው። በሳምንት አንድ ቀን 3 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ የማታው ክፍል ደግሞ ቦታው ውስን ነው፤ ምዝገባ በተከፈተ ቀን ካልያዙት ይሞላል። አንድ ላብ ያመለጠው ሰው ሰንሰለቱ በሙሉ በአንድ ሴሚስተር ይገፋበታል፤ ተከታዩ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነም ዓመት ይቃጠላል።

ዲግሪዬ ካገር ቤት መሆኑ ሌላ ራስ ምታት ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የጋራ ማመልከቻ «አምካስ» ይባላል። አምካስ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የመጣ ውጤትን በጂፒኤ ስሌቱ ውስጥ አያስገባም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወይ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ዲግሪ፣ ወይ እዚህ የተወሰደ ከ60 እስከ 90 ክሬዲት ይጠይቃሉ። ስለዚህ 41ዱ ብቻውን በር አይከፍትም። ያለው መንገድ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የድሮ ኮርሶቼን በከፊል እንዲቀበልልኝ አድርጎ፣ ጄኔቲክስ፣ የሕዋስ ባዮሎጂና ፊዚዮሎጂ ጨምሮ፣ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ (ባችለር) በባዮሎጂ መጨረስ ነው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ የመጨረሻውን 30 ክሬዲት እነሱ ዘንድ መውሰድን ግድ ይላሉ። ዲግሪ ላለው ሰው፣ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም፣ ፔል የሚባለው የመንግሥት ድጎማ አይሰጥም። ለዚህ ነው አጠቃላይ ኬሚስትሪን፣ ስታትስቲክስንና ሳይኮሎጂን ዋጋው ዝቅ በሚለው የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ የምጀምረው። ኦርጋኒክንና ከዚያ በላይ ያለውን በአራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ እወስዳለሁ፤ አንዳንድ የቅበላ ኮሚቴዎች ከባዶቹን ኮርሶች በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጨረሰን ሰው በጥርጣሬ ያዩታልና።

አሁን ሒሳቡን አንቺው አስቢው። 41 ክሬዲት በሙሉ «ኤ» ቢሆን 4.0 ነው። አንድ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ «ሲ» ቢመጣ 37 በ4፣ ሲደመር 4 በ2፣ 156 ይሆናል፤ ለ41 ሲካፈል 3.80። አንዲት የድካም ሴሚስተር ናት። በአገር ቤት ያመጣሁት ውጤት ስለማይቆጠር የሚያካክስልኝ ሌላ ክምችት የለም። ኮርሱ ቢደገምም አምካስ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ይቆጥራል፤ አዲሱ አሮጌውን አይፍቀውም። ስለዚህ ነገሩ ሲበላሽ ቀድሞ አይቶ፣ የመውጫው ቀን ሳያልፍ ለቆ «ደብሊው» ማስመዝገብ ይሻላል። አንዲት «ደብሊው» ትጠየቃለች፣ መልስም ይገኝላታል፤ ስትደጋገም ግን የባሕርይ ምልክት ትሆናለች። ሥራዬን እየሠራሁ ከሆነ በሴሚስተር ከሁለት የላብ ኮርስ በላይ አልወስድም።

የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው «ኤምካት» ይባላል። አራት ክፍል፣ 230 ጥያቄ፣ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ንጹሕ ፈተና፣ ከዕረፍቱ ጋር 7 ሰዓት ተኩል ገደማ። እያንዳንዱ ክፍል ከ118 እስከ 132 ይታረማል፣ ድምሩ ከ472 እስከ 528፤ መካከሉ 500። ተቀባይነት ያገኙት ሰዎች አማካይ ግን 511 ወይም 512 አካባቢ ነው። ሦስቱ ክፍሎች ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ናቸው፤ ተጠንተው ይቻላሉ። አራተኛው የንባብ ክፍል ነው፦ 9 ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፤ ለአንዱ ምንባብ ከነጥያቄው 10 ደቂቃ ማለት ነው። ፍልስፍናም ሥነ ጥበብም ይመጣል፣ አስቀድሞ የሚያዝ ዕውቀት አይጠይቅም። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንወድቀው እዚሁ ላይ ነው። በሦስት ወር አይሻሻልም፤ ከአንድ ዓመት በላይ በየቀኑ አንድ ሁለት ምንባብ ሰዓት እየያዙ በማንበብ ነው የሚስተካከለው። ሌላውን ለማጥናት ከ3 እስከ 6 ወር፣ ከ300 ሰዓት በላይ የሚለው የተለመደ ምክር ነው።

ፈተናውን በአንድ ዓመት 3 ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት 4፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ መፈተን ይቻላል፤ ተመዝግቦ ሳይገኙ መቅረትም ይቆጠራል። ያመጡት ነጥብ ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል። በጣም ቀድሞ መፈተንም ኪሳራ አለው፣ አብዛኞቹ ከ3 ዓመት ያለፈ ነጥብ አይቀበሉም። ስለዚህ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎቹ ሦስቴ ተከታትለው የምፈልገውን ነጥብ ካላሳዩኝ ቀኑን አስተላልፋለሁ።

ከወረቀቱ ሌላ፣ ሕመምተኛ አጠገብ የተቆመበት ጊዜ ይጠየቃል። ሙያ የሚቀይር ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ይህን ሥራ አይተኸዋል ወይ?» ነውና። ሐኪም ተከትሎ መዋል አንዱ ነው፣ 40 ወይም 50 ሰዓት ይበቃል ይባላል። ዋናው ግን ለወራት ሳይቋረጥ የሚሠራ ሥራ ነው፦ የሕሙማን ረዳትነት፣ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ ለሐኪም መዝገብ መጻፍ። ለእኛ ቋንቋ ተናጋሪዎች ደግሞ የሕክምና አስተርጓሚነት አለ። እዚህ አካባቢ አማርኛ የሚፈልጉ ሕሙማን ብዙ ናቸው። ለብሔራዊው የምስክር ወረቀት ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ይከፈልበታል፣ ከሕመምተኛውና ከሐኪሙ መካከልም ያስቀምጣል። የኔ ምርጫ ይህ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሊሠራ ይችላል፣ ከቢሮ ሥራዬም ጋር አይጋጭም።

የድጋፍ ደብዳቤ ቢያንስ ከሁለት የሳይንስ መምህራን፣ ከአንድ የሌላ ትምህርት መምህር፣ በተጨማሪም ከሐኪም ወይም ከሥራ አለቃ ይፈለጋል። ማታ መጥቶ ማታ የሚሄድን ተማሪ መምህሩ አያውቀውም። በመጀመሪያው ወር ቢሮው ሄዶ መታየት፣ ደብዳቤውንም ትምህርቱ እንዳለቀ እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ አለመጠየቅ ነው።

ማመልከቻው በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ይከፈታል፣ ከግንቦት 20 ገደማ ጀምሮ ይላካል። ኮርሶቹን ሁሉ ከትራንስክሪፕት ጋር አንድ ባንድ አስተያይተው ያጣራሉ፤ በተጨናነቀ ጊዜ 6 ሳምንት ይፈጃል። አንድ ኮርስ በስሕተት ከተሞላ ወይም ትራንስክሪፕቱ ካልደረሰ ወረፋው ይቆማል። ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ እንደደረሰ ያያሉ፣ ለቃለ መጠይቅ እየጠሩ ቦታውን ይሞላሉ። በነሐሴ የደረሰ ማመልከቻ ከሰኔው ጋር እኩል ጎበዝ ቢሆን እንኳ የሚጠብቀው ወንበር ያነሰ ነው። ዋናው ጽሑፍ ባዶ ቦታው ተቆጥሮ 5,300 ፊደል ብቻ ነው፤ ሥራና ልምድ እስከ 15 ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ 700 ፊደል። ከዚያ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ጥያቄ ይልካል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይጠበቃል። ቃለ መጠይቁ ከመስከረም እስከ የካቲት ነው። የመጀመሪያው «ተቀብለንሃል» የሚለው ከጥቅምት 5 ቀደም ብሎ አይመጣም፣ ሚያዝያ 22 ደግሞ ብዙ ቦታ ያገኘ ሰው አንዱን ይይዛል። በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፣ 23 ሺህ ገደማ ይገባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት አለመግባት ሊመጣ የሚችል ነገር ነው። ያኔ እንዳትደነግጪ ብዬ አሁን ነገርኩሽ።

ወጪውን አልደብቅሽም። ለ20 ትምህርት ቤት ለማመልከት አምካስ ለመጀመሪያው 175፣ ለቀሩት በያንዳንዱ ከ45 ዶላር በላይ ያስከፍላል፣ 1,050 ዶላር ገደማ። የየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ክፍያ 2,000 ይጠጋል፤ ፈተናው ከ300 ያልፋል። ትልቁ ነገር ብድሩ ነው። ከሰኔ 24 ቀን 2018 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የሕክምና ተማሪ የመንግሥት ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር ሆኗል፤ የቀረውን እስከ ሙሉ ወጪው ይሸፍን የነበረው ብድር ይቀራል። የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያና ኑሮ ሲደመር ከዚህ ጣሪያ በብዙ ያልፋል። ለዚህ ነው ሜሪላንድን የማልለቀው፦ የክልሉ ነዋሪ በባልቲሞር ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚከፍለው ከሌላ ክልል ተማሪ ያነሰ ነው።

«እዚሁ አገርሽ ላይ ቢሠራ አይቀልም?» ላልሽው፦ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው ዲግሪ ላላቸው የተከፈተው የሕክምና ፕሮግራም የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቃንን እንጂ የሒሳብ አያያዝን አይቀበልም። የካሪቢያን ደሴት ትምህርት ቤቶችም በቀላሉ ይቀበላሉ፤ ችግሩ መውጫው ላይ ነው። ሬዚደንሲ የተመራቂውና የሆስፒታሉ ምርጫ በኮምፒውተር ተገናዝቦ በሚደረግ ምደባ በመጋቢት ይታወቃል። እዚህ በኤምዲ (የሕክምና ዶክተር) ፕሮግራም ከሚመረቁት ከ10 ከ9 በላይ ቦታ ያገኛሉ፤ አሜሪካዊ ያልሆኑ የውጭ ምሩቃን ግን ከ10 ወደ 6 ናቸው። ሬዚደንሲ ከሌለ ዲግሪው ለማከም አያበቃም፣ ዕዳው ግን ይቀራል።

ወረቀቱ ይኸው ነው። ከዋሽንግተኑ ኤምባሲያችን ውክልና አስደርጌ እልክልሻለሁ፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካረጋገጠው በኋላ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። በዚያ ውክልና የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴንና የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫ ጠይቂልኝ። የወጪ መጋራት ክፍያው የተጠናቀቀበት ማስረጃ ካልቀረበ አይሰጡም፤ ደረሰኙ የሣሎኑ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌው ሰማያዊ ፋይል ነው። ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ ማኅተሙ መዝጊያው ላይ አርፎ መምጣት አለበት፤ ከተከፈተ አይቀበሉትም። ስሜ የተጻፈበትን የእንግሊዝኛ ፊደል ፊደል በፊደል ከፓስፖርቴ ጋር አስተያዪልኝ። በፈተናው ቀን መታወቂያና ምዝገባ በአንድ ፊደል ቢለያዩ ከበር ይመልሳሉ፣ ክፍያውም ይቃጠላል።

አንድ ደግሞ ካንቺው ነው፦ የወር ጡረታሽን የሚገልጽ ደብዳቤ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ድጎማ ለመስጠት ተማሪው ስንትም ዓመት ይሁነው የወላጅ ገቢ ይጠይቃሉ። ዝቅተኛ መሆኑ እዚህ የሚጠቅም ነገር ነውና እንዳታፍሪበት። ይህ ግን የዛሬ አራት ዓመት የሚያስፈልግ ነው፤ አሁን የት እንደሚወጣ ብቻ ጠይቂ።

ሬጅስትራሩ ፎቅ ላይ ስለሆነ እህቴ ሳትሸኝሽ ደረጃውን እንዳትወጪ። ለጥር ወር ምዝገባ ይህ ወረቀት አያስፈልገኝም፤ የሚፈለገው ወደ ዩኒቨርሲቲው ስዛወር ነው። ጉልበትሽ ሲሻልሽ ትሄጂያለሽ።

ናፋቂ ልጅሽ