የወር አበባሽ እስኪቀር አትጠብቂ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ልጅ ልትወልዱ መወሰናችሁን ስትነግሪኝ የደስታ እንባ ነው የተናነቀኝ። ቀጥለሽ ግን «ማርገዜን ሳውቅ ያኔ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ» አልሽ። እኔም በጊዜው ያልኩት ይህንኑ ነበር። ልጄ፣ የወር አበባሽ እስኪቀር አትጠብቂ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን የወንድምሽን ነጭ ኮፍያ ታውቂያታለሽ። ስለ እሱ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ታሞ ነው» እያልኩ አልፌሻለሁ። ሲወለድ ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ አከርካሪው ላይ፣ ቆዳ ያልሸፈነው ክፍተት ነበረው፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል። እግሮቹን አያንቀሳቅስም ነበር። ጀርባው እንዳይነካ በሆዱ ስለሚያስተኙት ፊቱን በጎን ብቻ ነበር የማየው። ኮፍያዋን ያደረግሁለት አንድ ቀን ነው። በ11ኛው ቀን አረፈ።

የልጅ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ገጥሞ ያልቃል፤ ሳይገጥም ሲቀር ነው እንደ ወንድምሽ ያለ ክፍተት የሚፈጠረው። ቁጠሪው እስቲ፤ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። እኔ ማርገዜን ያወቅሁት ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ነበር። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን አስቀድሞ ከተወሰደ ይህን አደጋ በብዙ ይቀንሳል። ሁሉንም ይከላከላል አልልሽም፣ ወንድምሽንም ያድነው ነበር ብዬ አልምልም። ግን አልወሰድኩም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺን ከመፀነሴ በፊት ሦስት ወር ሙሉ፣ አንድ ማታ ሳላዛንፍ ዋጥኩ። ስትወለጂ መጀመሪያ የዳበስኩት ጀርባሽን ነው።

ለአብዛኛዋ ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ከመፀነስ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ይወሰዳል። አንቺ ግን የወንድምሽን ነገር ሳትናገሪ መጠኑን በራስሽ እንዳትወስኚ፤ በቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ከፍ ያለ ሊታዘዝ ይችላል። ይበዛልኝ ብለሽም የቫይታሚን ኪኒን አትደራርቢ፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጽንሱን ይጎዳል።

የእንቅርትሽን መድኃኒት ማንም ቢልሽ እንዳታቋርጪ፤ ደምሽን አስመርምሪና መጠኑን ያስተካክሉልሽ። ጽንስን የሚጎዳውን ኩፍኝ መሰል በሽታ፣ የሩቤላን ክትባት ካልወሰድሽ አሁን ተከተቢና አንድ ወር ቆይታችሁ ሞክሩ፤ ካረገዝሽ በኋላ አይሰጥሽም። መጠጥ የሚባል እንዳትቀምሺ። ባልሽም ሲጋራውን «ስታረግዢ አቆማለሁ» አይበል። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪደርስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ዛሬ የሚያጨሰው ለዚያ ልጅ ነው። ተቆጣች በይኝ፣ ግድ የለም።

ካረገዝሽ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድሽን ባንድ ወገን አጥብቆ ካመመሽ፣ ደም ካየሽ ወይም ካዞረሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ። ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ደግሜ እልሻለሁ፣ የኔ እናት፤ የወር አበባሽ እስኪቀር አትጠብቂ። ቀጠሮውን ዛሬውኑ ያዢ። ሐኪሙ ስለ ወንድምሽ የማትመልሺውን ከጠየቀሽ ደውይና ስልኩን ስጭው። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።

እናትሽ