ካፍቴሪያው ስንት ሰዓት ይዘጋል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በአሜሪካ ኮሌጆች «ብዝኃነትና አካታችነት» የሚል ታፔላ የነበራቸው፣ ከልዩ ልዩ ዘርና ባህል የመጡ ተማሪዎችን የሚደግፉ ቢሮዎች ስም ሲቀይሩ፣ ሲታጠፉ፣ ከሌላ ክፍል ጋር ሲቀላቀሉ ከርመዋል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየመስጊዱ ደጃፍ ልጅ ለኮሌጅ ያደረሱ ወላጆች «እንግዲህ ለልጃችን ማን አለለት?» ሲባባሉ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከታፔላው ላይ አይገኝም። እኛ በትንንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (በአንድ ሙያ ሳይሆን በሰፊ ጠቅላላ ትምህርት ላይ በሚያተኩሩ) በተማሪዎች ጉዳይ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ተማሪ ግቢውን ቤቴ እንዲል የሚያደርገው፣ ወይም አራት ዓመት እንግዳ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገው፣ በአብዛኛው የሰዓት ሰሌዳ፣ የበር ቁልፍና የኮምፒውተር ቅጽ ነው።

እነዚህ ኮሌጆች ከከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚለዩት በስፋታቸው ብቻ አይደለም። ሺህ አምስት መቶ ወይም ሁለት ሺህ ተማሪ አላቸው፤ አብዛኛው ተማሪ አራቱንም ዓመት ዶርም ያድራል፤ ለምግብም አስቀድሞ ከፍሏል። የከተማው ተማሪ ነገር ሲከፋው አውቶቡስ ይዞ እናቱ ቤት ይገባል። እዚህ ግን ኮሌጁ ራሱ ቤትም፣ ጓዳም፣ አሠሪም ነው። ስለዚህ ጓዳው የተዘጋበት ተማሪ መሄጃ የለውም።

(ሰዓቱን በአሜሪካ፣ ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን። «ዘጠኝ ሰዓት» ሲባል ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት የሚለው ጭቅጭቅ ከአገር ቤት ጀምሮ አብሮን ያለ ነው።)

ከምግብ እንጀምር። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 3፡00 ድረስ እህል አይቀምስም። ምሳ በብዙ ካፍቴሪያ 1፡30 ላይ ይነሳል፤ እራት 5፡00 ላይ ይጀምራል። ልጁ ከላብራቶሪ ሲወጣ የሚጠብቀው የቺፕስ ማሽን ብቻ ነው፤ ያልበላው ምሳ ግን በሴሚስተሩ ሒሳብ ውስጥ ተከፍሏል። መፍትሔው ክዳን ያለው፣ ታጥቦ የሚመለስ የምግብ ዕቃ ነው፤ ተማሪው በ12፡30 ሞልቶ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚያደናቅፈው «ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነው» የሚለው የካፍቴሪያ ደንብ ነው። እሱ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር ይመጣል፦ የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ከ12፡30 እስከ 3፡00 ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ዶርም ውስጥ ሳይሆን ተማሪው ቀን በሚውልበት ሕንጻ ይሁን፤ በአጠገቡም ማይክሮዌቭ ይኑር። ስምና ቀን ያልተጻፈበት ዕቃ በጽዳት ቀን ይጣላል፤ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት መንገር ከብዙ ቅያሜ ያድናል።

የጾም ምግብ ሲባል ደግሞ የሚፈለገው ቃል «ቪጋን» እንጂ «ቬጀቴሪያን» አይደለም፤ በሁለተኛው ውስጥ እንቁላልም አይብም አለ። «የአትክልት ሾርባ» ተብሎ የዶሮ መረቅ ያለበት፣ ሩዙ በቅቤ የተነካካ፣ ድንቹ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት የወጣ ይሆናል። ከተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ጋር አሥር ስብሰባ ከመቀመጥ ከዋና ምግብ አብሳዩ ጋር ግማሽ ሰዓት መቆም ይሻላል። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትተነዋል። በዚህ ካፍቴሪያን ማስገባት አያዋጣም።)

ረመዳን ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። የ2026ን እንውሰድ። ማርች 8 ቀን፣ በአሜሪካ በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ ሰዓት በአንድ ወደፊት ተገፋ። እንደ ሚኒሶታ ባለ ሰሜናዊ ግዛት ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ፀሐይ የምትጠልቀው 6፡10 አካባቢ ነበር፤ በማግስቱ 7፡10 ሆነ። በ7፡30 የሚዘጋ ካፍቴሪያ እስከዚያ ድረስ ለሚያፈጥር ተማሪ ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ መግሪብ ሰግዶ እስኪደርስ ወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ይሰቀላል። «ባለፈው ሳምንት ምንም ችግር አልነበረም» የሚለው ኃላፊ እውነቱን ነው፤ ሰዓቱ ግን ተቀይሯል። ለሱሁር (ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ) የሚሆነው፣ ማለትም የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ፣ ሙዝና ቴምር፣ በእራት ሰዓት ታሽጎ ይወሰድ፤ ከንጋቱ በፊት ወጥ ቤት አስከፍታለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ በሴፕቴምበር ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ «ውሉ አይፈቅድም» ነው። ውሸት አይደለም። ብዙ ኮሌጅ ምግቡን ለውጭ ድርጅት ሰጥቷል፤ የሠራተኛው ፈረቃና የመዝጊያው ሰዓት ዓመታዊ ስምምነቱ ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ስምምነቱም የሚታየው በፈረንጆቹ ጸደይ፣ ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ነው። የአካታችነት ኃላፊ የመጀመሪያ ሥራው ንግግር ማድረግ ሳይሆን ያንን ውል፣ የዶርም ካላንደሩንና የተማሪዎች መመሪያውን ቁጭ ብሎ ማንበብ መሆን አለበት። ፊርማ ያላቸውን ሰዎች፣ ሬጅስትራሩን፣ የዶርም ኃላፊውንና የሒሳብ ክፍሉን፣ የማያውቅ ኃላፊ መጨረሻው የባህል ምሽት አዘጋጅ መሆን ነው። እንጀራና ጭፈራ ያለበት ምሽት ደስ ይላል፤ በማግስቱ ግን ካፍቴሪያው በ1፡30 ይዘጋል።

ካላንደር ስንል፣ ፋሲካ በድንገት መጥቶ አያውቅም። በ2027 ሜይ 2 ላይ ይውላል፤ ስቅለት ኤፕሪል 30 ነው ማለት ነው፤ በብዙ ኮሌጅ የትምህርቱ መጨረሻና የፈተናው ዋዜማ። የፈረንጆቹ ፋሲካ ግን ማርች 28 ያልፋል፤ ስለዚህ መምህሩ «ፋሲካ አለፈ እኮ» ቢል አይፈረድበትም። ተማሪው በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ማድረግ ይቻላል። ለጽሑፍ ሥራና ለንባብ ይህ ይበቃል። ለላብራቶሪ ግን አይበቃም፤ የዝግጅቱ ዕቃ በሳምንቱ መጨረሻ ይፈርሳልና ማካካሻው ሴሚስተሩ ሳይጀመር ከላብራቶሪ አስተባባሪው ጋር መወሰን አለበት። ከቄስ ወይም ከኢማም ደብዳቤ አምጣ የሚል መምህርም አለ። ይህ በመመሪያው በግልጽ ሊከለከል ይገባል፤ የስፖርት ቡድን ተጫዋች ለጨዋታ ሲቀር ማንም የንስሐ አባቱን አይጠይቅም።

ዶርም በዕረፍት ጊዜ ይዘጋል። ታንክስጊቪንግ በሚባለው የኖቬምበር በዓል ላይ ለጥቂት ቀን፣ በዲሴምበርና ጃንዋሪ የብርድ ወራት ዕረፍት ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለው ልጅ ለአምስት ቀን የት ይሄዳል? «ለምን መቆየት እንደፈለግህ አስረዳ» የሚለው ቅጽ ተማሪውን ለማኝ ያደርገዋል፤ የሚያፍረው ልጅ ሳይሞላው ቀኑ ያልፋል፣ ከዚያም የማያውቀው ሰው ሶፋ ላይ ያድራል። ቢገለበጥ ይሻላል፦ ሁሉም እንደሚቆይ ይቆጠር፣ የሚሄደው ይመዝገብ። ዶርሙ ሲከፈት ወጥ ቤቱ ተዘግቶ መገኘቱም የተለመደ ስሕተት ነው። ቁልፍ የሰጠ ኮሌጅ ለእነዚያ ቀናት የግሮሰሪ ካርድ አብሮ ይስጥ።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። ሄለን አበበ የምትባል ተማሪ አለች እንበል። ሲስተሙ «የቤተሰብ ስም» ስለሚል አበበ እዚያ ይገባል፤ ኢሜይሏ በአበበ ይከፈታል፤ መምህሩም «ሚስ አበበ» እያለ አባቷን ይጠራል። አባቷ በአያቷ፣ እናቷ በራሷ አባት ስም ስለሚጻፉ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያይና አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ማስረጃ ይጠይቃል። ስሙ ሁሉ በፓስፖርቱ ላይ በአንድ መስመር የሰፈረ ልጅ ደግሞ ቪዛው ላይ «ኤፍ ኤን ዩ» ይጻፍበታል፤ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ «ውድ ፍኑ» እያለ ደብዳቤ ይልክለታል። ሕጋዊው ስም የግድ የሚያስፈልገው በደመወዝ ክፍል፣ በፌዴራል የገንዘብ ድጋፍና ለኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ ለመጡ) ተማሪዎች በኢሚግሬሽኑ መዝገብ ላይ ነው። መታወቂያ፣ ኢሜይል፣ የክፍል ስም ዝርዝርና ቤተ መጻሕፍት መጠሪያ ስሙን መውሰድ ይችላሉ። ችግሩ ሲስተሞቹ የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ ሬጅስትራር ያስተካከለው በመታወቂያው ማተሚያ ላይ አሮጌው ሆኖ ይቀራል። ጁላይ ላይ አንድ ሠራተኛ አንድ የሙከራ ስም አስገብቶ እስከ መጨረሻው በር ድረስ ቢከታተለው የት እንደሚቆረጥ ያገኘዋል።

ገንዘብን ባጭሩ። ተማሪን ከትምህርት የሚያስቀረው ሁልጊዜ ትልቁ ክፍያ አይደለም፤ የላብራቶሪ መነጽር፣ የክረምት ካፖርት ወይም የአንድ ጥርስ ሕክምናም ያስቀራል። የድንገተኛ ድጋፍ ፈንድ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ቢበዛ በሁለት ሰው ፊርማ የማይወሰን ከሆነ ስሙን አያሟላም። ነገር ግን ቼኩ ከመጻፉ በፊት የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ይወቅ፤ አለዚያ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ከብድር ወይም ከሌላ ድጋፍ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ለኤፍ-1 ተማሪ ለኑሮ የሚሰጥ ድጎማም የታክስ ስምምነት ከሌለ 14 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። መቶ ዶላር ቃል ገብቶ ሰማንያ ስድስት መስጠት አያምርም።

ከክፍል ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። ዩሪ ትሪስማን የተባለው የሒሳብ መምህር በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በካልኩለስ የሚወድቁ ጥቁር ተማሪዎችን ቀርቦ ሲያይ፣ ሰነፎች ሆነው ወይም ቤተሰባቸው ለትምህርት ግድ የለሽ ሆኖ አልነበረም። ለየብቻቸው ተዘግተው ያጠናሉ፤ ጥሩ ውጤት ያላቸው የቻይና ተወላጆች ግን አብረው ይሠራሉ፣ ይራረማሉ። ያዘጋጀላቸውም የደካሞች ማጠናከሪያ ሳይሆን ከባድ ጥያቄ በጋራ የሚፈታበት ክፍል ነበር። በእኛም ቤት «ክፍልህ ገብተህ፣ በርህን ዘግተህ አጥና» የሚለው ምክር በፍቅር የሚሰጥ ነው፤ ኮሌጅ ላይ ግን ይጎዳል። መምህሩ የአራትና የአምስት ቡድን በመጀመሪያው ሳምንት ያዋቅር፤ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ከሆነ የወደቀው ልጅ አፍሮ አይመጣም።

ስለ ሕጉ ደግሞ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ዘርን በቅበላ መስፈርትነት መጠቀም ቀርቷል። ከትንንሾቹ አንዱ የሆነው የማሳቹሴትሱ አምኸርስት ኮሌጅ በ2024 ከተቀበላቸው አዲስ ተማሪዎች ጥቁሮቹ 3 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 11 በመቶ ነበሩ። በቁጥር መዝገቡም የእኛ ልጆች ይከፋፈላሉ፦ በሜሪላንድዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገው «ጥቁር» ከሚለው ሣጥን፣ ከአዲስ አበባ በቪዛ የመጣው «የውጭ ዜጋ» ከሚለው ይገባል፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ በአማርኛ ሲያወሩ ኮሌጁ ግን በሁለት ዓምድ ያያቸዋል። እስካሁን የዘረዘርነው ግን፣ ማቀዝቀዣውም ቁልፉም ስሙም፣ ዘር የሚጠይቅ አይደለም። ለበረራ ገንዘብ ያጣው የነብራስካ ገበሬ ልጅም በዚያው ዶርም ይቆያል። በውልና በካላንደር ውስጥ የገባ ነገር የቢሮው ታፔላ ሲወርድ አብሮ አይወርድም።

ለወላጆች ሁለት ነገር። ልጃችሁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ስለ ውጤቱ ደውላችሁ «ልንነግራችሁ አንችልም» ብትባሉ ንቀት አይደለም፤ በ1974 የወጣው የተማሪዎች መዝገብ ሕግ ነው። ልጁ የፈቃድ ቅጽ በኦገስት ቢፈርም ይቀላል፤ ነገር ከተበላሸ በኋላ ማስፈረም ጠብ ያመጣል።

ሁለተኛው፣ በብዙ ኮሌጅ የመመዝገቢያ ቀብድ የሚያበቃው ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት የካፍቴሪያውን ሰዓትና የዕረፍት ጊዜ ዶርም ደንብ በኢሜይል፣ በጽሑፍ ጠይቁ። የ2027ቱ ሜይ 1 ቅዳም ሥዑር ነው፤ ቢሮም ዝግ ነው። አርብ ስቅለት ስለሆነ እናንተም ስግደት ላይ ናችሁ። ስለዚህ እስከ ጸሎተ ሐሙስ ጨርሱት።

በትንንሽ ኮሌጆች የተማሪዎች ጉዳይ ሠራተኞች