ስለ ቤንሰን አንቺ ነበርሽ ልክ

እህት አለም እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? የጅቡቲን ሙቀት ቻልሽው ወይስ አሁንም ማታ ማታ ጣራ ላይ ነው የምትተኙት? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን፣ እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ስምሽን ሳታነሳ አትውልም፣ ያቺ ልጅ ምን በደልናት ትለኛለች እና እኔ ዝም።

መጀመሪያ እሱን ልናገርና ይውጣልኝ። ሶስት አመት አለፈው። ሁለቴ ደውለሽ አላነሳሁም፣ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ጭንቅ ላይ ነበርን፣ ማታ እደውልላታለሁ አልኩ፣ ማታው ነገ ሆነ፣ ነገው ሳምንት ሆነ፣ ወር ሲሞላው ደግሞ እፍረቱ መጣ፣ ከዛ በኋላ በየቀኑ ለመደወል የሚከብደው ነገር እየጨመረ ሄደ፣ ስምሽ ላይ ደርሼ ስንቴ ስልኩን እንዳስቀመጥኩት ብነግርሽ አታምኚኝም። አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ብቻ።

አሁን ምን አስነሳሽ ካልሽኝ ስቴብለር ነው፣ ያ የድራማችን መርማሪ ፖሊስ። ወላሂ ስቴብለር!

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ሎው ኤንድ ኦርደር ኤስቪዩን፣ ያን የወሲብ ጥቃት የሚመረምሩ ፖሊሶች ያሉበት የአሜሪካ ድራማችንን፣ ያቋረጥነውን ሲዝን ሁሉ ከቴሌግራም አውርዶ በፍላሽ ሞልቶ አመጣልኝ። ያለማቋረጥ እያየሁ ሲዝን 22 ዘጠነኛው ክፍል ላይ ደረስኩ፣ እሱ የሚመለስበት፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 2021 የወጣው። አይተሽው ይሆናል፣ ካላየሽው ግን ይቅርታ ልነግርሽ ነው፣ ሳልነግርሽ ይሄ ደብዳቤ አይጻፍም። ሰውዬው አስር አመት ጠፍቶ ድንገት ብቅ ይላል፣ ሚስቱ ካቲ መኪናው ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ተጎድታ ሆስፒታል ገብታለች (ትሞታለች ደግሞ፣ ምስኪን፣ ስንት ዘመን ችላው)፣ የድሮ የስራ ጓደኛው ቤንሰን በዛ ሁሉ መሀል ቆማ ስታየው ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ብታይው። ያቆሰላት ስራውን መልቀቁ እኮ አይደለም፣ አንድ ስልክ አለመደወሉ ነው፣ ደህና ሁኚ ሳይላት መሄዱ። ታሪኩ በዛው ማታ በሚቀጥልበት ኦርጋናይዝድ ክራይም በሚባለው ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ምን ይሰጣታል መሰለሽ፣ ደብዳቤ። እኔ እዛው ፍራሹ ላይ እንደተቀመጥኩ ፊቴ ጋለ። እኔ ነኝ እኮ፣ ያንቺ ስቴብለር እኔ ነኝ አልኩ።

ትዝ ይልሻል አይደል እዚህ ድሬዳዋ የከዚራው ግቢያችሁ? ከመጋላ ደቻቱን ተሻግሬ በእግሬ እመጣ ነበር፣ አባትሽ ሽርጣቸውን አገልድመው አፈሩ ላይ ውሃ ሲረጩ፣ ያ የረጠበ አፈር ሽታ፣ ከታይዋን ገበያ የተገዛችው ቴሌቪዥን በረንዳ ላይ ትወጣለች፣ ሪሲቨሩ የአረብ ቻናል ላይ፣ ከስር አረብኛ ጽሁፍ፣ አንቺ አረብኛውን እያነበብሽ እኔ እንግሊዝኛውን እየሰማሁ አንዷ ያመለጣትን ለሌላዋ እንነግራት ነበር። ያቺ ደን ደን የምትለው ድምፅ ስትመጣ የጎረቤት ህፃናት ሁሉ አብረው ደን ደን ሲሉ! ጣፋጩ ሙሸበክ እጃችን ላይ እየተጣበቀ። ከዛ ጭቅጭቃችን ይጀመራል፣ አንቺ የቤንሰን እኔ የስቴብለር።

ስቴብለር ተጠርጣሪውን አንገቱን ይዞ ግድግዳ ላይ ሲያጋጨው እኔ አጨበጭብ ነበር። አንቺ ደግሞ ይሄ ፖሊስ ከሆነ እኔ ቤት እንዳይመጣ ትይ ነበር። እንዴት እንደምናደድብሽ! በፈረንጅ 2011 ሲዝን 12 መጨረሻ ላይ ቢሮው ውስጥ ተኩስ የከፈተችውን ልጅ ተኩሶ ገደላት፣ ቀጣዩ ሲዝን ሲጀምር ጡረታ ወጣ አሉን በቃ። ከጀርባ የተዋናዩ የክሪስቶፈር ሜሎኒ የኮንትራት ድርድር አልሳካ ብሎ ነው የወጣው፣ ግን እኔ ያኔ እሱን ሳላውቅ ድራማው ዛሬ ሞተ ብዬ ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ሳምንት አኮረፍኩሽ። ብዙ ሰውም እንደኔ ነበር የሚያስበው፣ ሁለቱ ከሌሉ ኤስቪዩ የለም ይባል ነበር። ይኸው በፈረንጅ 1999፣ በኛ መስከረም 1992 የጀመረው ድራማ በ2019 ሲዝን 21 ላይ ሲደርስ በአሜሪካ የማታ ፕሮግራም ተዋንያን ከሚጫወቱባቸው ተከታታይ ድራማዎች ሁሉ ረጅም እድሜ ያለው ሆነ፣ በ2021 ደግሞ 500ኛ ክፍሉን አለፈ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክማ የሄደችው ያቺ አንቺ የያዝሻት ሴትዮ ናት፣ ከተራ መርማሪ ተነስታ ካፒቴን ሆና።

ግን ሀሳቤን ያስቀየረኝ ቁጥሩ አይደለም። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አልነገርኩም።

አምና ከሰፈር አንዷን ልጅ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ትልቅ ልጅ ናት፣ ስራ የያዘች። ምን እንደደረሰባት አልጽፈውም፣ ይገባሻል። የትኛው ጣቢያ እንደሆነም ይቅር። መጀመሪያ የተቀበለን ሰውዬ ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብሎ ይጠይቃታል፣ ምን ለብሰሽ ነበር፣ በዛ ሰአት ምን ትሰሪ ነበር፣ ለምን አልጮህሽም። ልጅቷ ነጠላዋን እያጠበበች እያጠበበች መጨረሻ ላይ አይኗ ብቻ ቀረ። እኔ ያኔ ምን አሰብኩ መሰለሽ፣ ስቴብለር በኖረና ያንን ያደረገውን ሰውዬ ግድግዳ ላይ በለጠፈልኝ። ከዛ ከውስጥ አንዲት ሴት ሳጅን ወጣች፣ ምንም ሳትናገር እጇን ይዛ ወደ ክፍሏ አስገባቻት፣ በሩን ዘጋች፣ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አንስታ ልጅቷ አጠገብ አመጣችው፣ ውሃ ሰጠቻትና ቀስ ብለሽ፣ ሳትፈልጊ አትናገሪ፣ እኔ የትም አልሄድም አለቻት። ሃያ ደቂቃ ይሆናል ማንም አልተናገረም። ከዛ ልጅቷ ተናገረች። ሁሉንም።

በባጃጅ ስንመለስ አንቺን ነበር የማስበው። ቤንሰን የምትሰራው ይሄን ነው ስትይኝ የነበረው ይሄን ነው እኮ! ዝቅ ብላ አይን ለአይን መቀመጧ፣ ድምጿን መቀነሷ፣ መጠበቋ። እኔ ያ ትእይንት ሲመጣ ሳንቡሳ ላመጣ እነሳ ነበር፣ ዋናው ነገር እሱ እንደሆነ አልገባኝም። ግድግዳ ላይ ማጋጨቱ ለኛ ለተመልካቾቹ ነው፣ የኛን ንዴት ያበርድልናል፣ ለተጎዳችው ልጅ ግን ምንም አያደርግላትም። የሚያሳዝነኝ ያን ማታ ልደውልልሽ አስቤ አለመደወሌ ነው።

ሌላም ነገር አነበብኩ ስለ ማሪስካ ሃርጊቴ፣ ቤንሰንን ሆና ስለምትሰራው። ድራማው እንደጀመረ ደብዳቤ ይጎርፍላት ነበር አሉ፣ ፊርማሽን ላኪልኝ የሚል ሳይሆን እኔንም እንደዚህ አድርገውኛል የሚል፣ አንዳንዷ ለማንም ያልነገረችውን ለሷ፣ በቴሌቪዥን ብቻ ለምታውቃት ተዋናይ ትጽፋለች። እሷም አንብባ ዝም አላለችም፣ ለተጎጂዎች ድጋፍ መስጠት ተማረች፣ በፈረንጅ 2004 ጆይፉል ሃርት የሚባል ድርጅት አቋቋመች። ዲትሮይት ውስጥ ደግሞ በ2009 አንድ የፖሊስ መጋዘን ሲከፈት ከተጎጂዎች አካል የተወሰደ ናሙና የያዘ ከ11,000 በላይ ሳጥን ሳይመረመር ተከምሮ ተገኝቷል፣ አስቢው፣ እያንዳንዱ ሳጥን አንዲት ሴት ናት፣ ያን ሁሉ ምርመራ ችላ ሰጥታ ወደ ቤቷ ሄዳ ስትጠብቅ የኖረች። እነዚህ ሳጥኖች እንዲመረመሩ ድርጅቷ አመታት ታግሏል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ድራማ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሁሉንም እወዳለሁ ማለቴ ግን አይደለም። ባቡር ጡረተኛው ጎረቤታችን ጋሼ ሲዝን 12 ላይ ቢያቆሙት በክብር ያልቅ ነበር ይላሉ፣ ያ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፣ ግን አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው፣ በኋላ በኋላ መከራው ሁሉ ቤንሰን ላይ ብቻ ሆነ። ያ ሉዊስ የሚባለው አውሬ ያገታታል፣ ታመልጠዋለች፣ እንደገና ይመጣል፣ ከዛ ልጇን ኖዋን አያቱ ትሰርቀዋለች፣ ኧረ አቦ አንድ ሰው ስንት ይችላል? አዲስ የሚመጡት መርማሪዎች ደግሞ ስማቸውን ሳንለምድ ይሄዳሉ። ፍርድ ቤቱም አጠረ፣ ድሮ ግማሹ ክርክር ነበር። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ፍጥነቱ ነው፣ በ42 ደቂቃ ተይዞ ተመርምሮ ተፈርዶበት ያልቃል። የኛዋ ልጅ ስንት ቀጠሮ እንደተሰጣት ብነግርሽ። እስካሁን እየሄደች ነው፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፣ ያቺ ሳጅንም አንድ ቀን ሳትቀር ደውላ ትጠይቃታለች።

እማዬ ግን አንድም ቋንቋ ሳይገባት ፊታቸውን ብቻ እያየች ትከታተላለች፣ ቤንሰን ኖዋን ያሳደገችበት ክፍል ላይ እልል አለች፣ በቃ ልጅ ከሰጣት ሌላው ይቅርባት አለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ ፊንን ነው የሚወደው፣ አይስ ቲ ከ2000 ጀምሮ ሲሰራው ራፐር መሆኑን እንኳን አሁን ነው የሰማው።

መንችን ግን ልነግርሽ ይገባል፣ ያንቺን ሽማግሌ፣ በጥቁር መነፅሩና መንግስት ሁሉን ይደብቃል በሚለው ወሬው የምትስቂለትን። እሱን ሆኖ የሚሰራው ሪቻርድ ቤልዘር ፌብሩዋሪ 2023 በ78 አመቱ አረፈ። መንችን ከኤስቪዩ በፊት ከ1993 ጀምሮ የባልቲሞር ፖሊስ በነበረበት ሌላ ድራማ ላይ ተጫውቶት ነው እዚህ ይዞት የመጣው፣ ሁለት ድራማ ላይ አንድ ሰው ሆኖ ስንት አመት። ዜናውን የሰማሁ ቀን አለቀስኩ፣ ለሱ ይሁን ለኛ አላውቅም፣ ስልኩን አንስቼ ስምሽን ፈለግኩ፣ እንደገና አስቀመጥኩት። ያ ቀን ነው በጣም የሚቆጨኝ። አብረን ልናለቅስለት የሚገባ ሰው ነበር።

ስቴብለር የተመለሰባቸው እነዛ ሁለት ክፍሎች ካለቁ በኋላ ያለውን አልከፈትኩም። አብረሽኝ እንድታይው ነው። ፍላሹን ገልብጬ ላንቺም ሌላ አዘጋጅቻለሁ፣ የአክስቴ ልጅ በመጪው ሳምንት በባቡር ወደ አንቺ ጋ ትመጣለች፣ አዲሱ ጣቢያ ድረስ ሄጄ እሰጣታለሁ፣ ትንሽ ሙሸበክም አደርግበታለሁ፣ ይደርቃል ግን ብይው። ስታይው ቤንሰን ይቅር ልትለው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለውን ንገሪኝ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት መስጠት አልችልም።

ቅዳሜ ከሰአት በኋላ እደውላለሁ፣ ልጆቹ ሲተኙልሽ፣ አስር ሰአት አካባቢ። አንሺልኝ።